ከአልጋ እስከ በር ሰባት እርምጃ

ወንድሜን በሥራ የሚያውቁት ሁሉ «በታኙ» ይሉታል። ቅጽል ስሙን ብቻ የሰማ ሰው የአባቱን ሀብት አጥፍቶ የጨረሰ አባካኝ ይመስለዋል። እሱ የሚበትነው ግን ፍሌክ ነው፤ ከትንሽ ጣት ጥፍር ያነሰ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ባለቀለም ቅርፊት። የሲሚንቶ ወለል ላይ ኤፖክሲ ይፈስና ገና እርጥብ ሳለ ፍሌኩ ይበተንበታል፤ ሲደርቅ ደግሞ ከላዩ እንደ መስታወት የጠራ ሽፋን ይለብሳል። ወንድሜ በዚህ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እኔ ታናሽ እህቱ አሥራ ስድስቱን ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። ኤፖክሲውን ከማጠንከሪያው ጋር የምበጠብጠው እኔ ነኝ፣ የሚበትነው እሱ ነው። ለሰው እንዲህ ብለን ስንናገር፣ አንዱ በታኝ አንዷ በጥባጭ ከሆናችሁ ቤቱን ማን ያቆመዋል ብለው ይስቁብናል።

ሲበትን ያላየው ሰው ምንም አላየም ባይ ነኝ። ባለ ሚስማር ጫማውን አጥልቆ እርጥቡ ወለል መሃል ይገባል። ከባልዲው አንድ እፍኝ ይዘግንና ወደ መሬት ሳይሆን ወደ ጣሪያው ይወረውረዋል። ወደ ታች የሚወረውር ሰው ይደፋል እንጂ አይዘራም ይላል። ፍሌኩ ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ውስጥ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ እየተሽከረከረ፣ ሳይቸኩል ይወርዳል። በዚያች ቅጽበት ክፍሉ ውስጥ ድምፅ የሚባል ነገር ይጠፋል። ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ዛሬም አፌን ከፍቼ ነው የማየው። ከዚያ ባልዲው እጄ ላይ ሲሞቅ እነቃለሁ፤ የተበጠበጠ ኤፖክሲ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሰው አይጠብቅምና።

ስንቱን ጋራዥ፣ ስንቱን ፋርማሲና ፀጉር ቤት እንዲህ አልብሰናል። የራሳችን ቤት ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ የተሰነጣጠቀ ሊሾ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኛ ነን። ስነዘንዘው በሚቀጥለው ወር ይለኛል፤ የሚቀጥለው ወር ሲመጣ ሌላ የሚቀጥለው ወር አለው።

ቤቱ ውስጥ ሦስት ነን። እሱ አላገባም፣ እኔ አግብቼ ፈትቻለሁ፣ ሦስተኛዋ እናታችን ናት። ዓለም ከእናቴ እጅ ማምለጥ ከጀመረች አምስት ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ የቀኖች ስም ሄደ፣ ቀጥሎ ማሰሮው የት እንደሚቀመጥ፣ ቀጥሎ እኛ ሄድን። እኔ ዕድለኛ ነኝ፤ ታናሽ እህቷን አድርጋኛለች፤ ከልጅነት ወደ እህትነት አድጌያለሁ ማለት ነው። የመጀመሪያ ልጇን፣ ዓይኗን ያየችበትን ወንድሜን ግን ጨርሶ አታውቀውም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ «እርስዎ» ትለዋለች። ምግብ ሲያቀርብላት በእንግዳ ጨዋነት ከአልጋዋ ብድግ ለማለት እየሞከረች፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጆችዎን ያሳድግልዎ ትለዋለች። ልጅ የሌለው ወንድሜ አሜን ብሎ ይወጣና ጓሮ ሄዶ የታጠቡ ዕቃዎችን እንደገና ያጥባል።

የቀራት ነገር አንድ የጠዋት መንገድ ነበር። ፀሐይ መስኮቷ ላይ ስትደርስ ተነስታ ከአልጋዋ እስከ በሩ ትሄዳለች። ሰባት እርምጃ ነው። በሩ ላይ ስትደርስ መቃኑን በመዳፏ ትነካለች፣ መንገዱን አሻግራ ታያለች፣ ከዚያ በሰባት እርምጃ ትመለሳለች። ማንም አይደግፋትም። በወር አንድ ቀን የምትመጣው ነርስ ስለ ሌላው ሁሉ ዝም ብላ ስለዚህ ብቻ ታስጠነቅቀን ነበር። ይህን መንገድ አታስቁሟት፤ በዚህ ዕድሜ ሁለት ሦስት ሳምንት የተኛ እግር ተመልሶ አይነሳም ትለናለች።

በብርድ ወራት ወንድሜ ካልሲ ሊያጠልቅላት ተንበርክኮ ሳለ ጣቶቿን ሲያይ ቆየ። በሲሚንቶ አቧራ ነጥተዋል፣ እንደ በረዶም ቀዝቅዘዋል። የሰው መኪና የሚቆምበትን ስናሳምር ኖረን የእናቴ እግር እዚህ ላይ ይሂድ? አለ። አንጀቱን በላው መሰለኝ፣ በዚያው ቀን የሚቀጥለው ወር መጣ።

የቀለም ናሙናዎቹን ሰሌዳ አምጥቶ አልጋዋ ላይ ዘረጋላትና የትኛውን እንደምትወድ ጠየቃት። ሰሌዳውን አላየችውም፣ እሱን ግን ረጅም ጊዜ አየችው።

«እርስዎ የወንዙን ሥር ያውቁታል?» አለችው። «ውሃው ሲጠራ ጠጠሩ የሚታይበትን?»

ያውቀዋል። እኔ ሳልወለድ ይኖሩበት ከነበረው ቤት ፊት ለፊት ወንዝ ነበር፤ ሰው የሚሻገረው በተደረደሩ ድንጋዮች ላይ እየረገጠ ነው። ወንድሜ ውሃ ይፈራ ነበር። እናቴ ቀድማ ትሻገርና ዳር ላይ ቆማ ዞራ እጇን ትዘረጋለታለች፤ እንቁራሪቴ ና ትለዋለች። ውሃ የምትፈራ እንቁራሪት ስትል ነው። ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ያንን ስም ግን ከእሷ ሌላ ጠርቶት የሚያውቅ የለም፣ እሷም ከረሳችው ቆይታለች።

እናቴን ከእኛ ሦስተኛ ቤት ወደምትኖረው አክስታችን ወስደን ክፍሉን ባዶ አደረግነው። ወንድሜ በሥራ አይቀልድም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ለእሱ የተረቱት ይመስል ወለሉን ሳያዘጋጅ ጠብታ አያፈስም። ውሃ እያንጠባጠበ ሊሾውን ይፈትሻል። ሻካራ ሲሚንቶ ውሃውን ይጠጣዋል፤ የለሰለሰው ቦታ ላይ ግን ጠብታው ክብ ሆኖ ይቀመጣል፣ እዚያ ላይ ኤፖክሲም አይዝም። አልጋው ከነበረበት ጀምሮ እስከ በሩ ውሃ የማይጠጡ ሰባት ቦታዎች አገኘ። እናቴ እዚያ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። እያንዳንዱን በጠመኔ ከበበው፣ ከግድግዳው ያለውን ርቀት በሜትር ለካና ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ሣለው። እነዚህ በማሽን ሁለት እጥፍ መፈጨት አለባቸው አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእማዬ እግር ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ለዛ ነው በደንብ የምፈጨው። በየቀኑ የምትረግጠው ቦታ ከተላጠ ምኑን ሠራሁት?»

ለባለሙያ ልክ ነው። እኔም ባለሙያ ነኝ። መፍጫው ሲያጓራ የአቧራ መምጠጫውን ቱቦ ይዤ የተከተልኩት እኔ ነበርኩ። የእናቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነጭ ዱቄት ሆኖ በእጄ ውስጥ አልፎ ሄደ።

ቀለሙን ለመቀመም ሁለት ቀን ፈጀ። በትልቅ ሳፋ ውስጥ ግራጫ፣ ነጭ፣ ቡናማ፣ ትንሽ አረንጓዴ እያደረገ በእጁ ያማስላል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይከፍታል፣ አይደለም ይላል፣ እንደገና ያማስላል። የሚያስታውሰው ቀለም አርባ ምናምን ዓመት የሆነው ነው፤ ከምን ጋር ያስተያየዋል? ቸኩል ስለው የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አለኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሳፋውን ወደ መስኮቱ አስጠጋና ሳቀ።

ያን ቀን እንደበተነ በትኖ አያውቅም። እኔ በጥብጬ አፈሰስኩ፣ በሩሎ ዳርና ዳሩን አዳረስኩ፤ ከዚያ እሱ መሃል ገባ። የሚሠራ ሰው አይመስልም ነበር። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ የሚለው ግን አይሰማም። እፍኙ ይወጣል፣ ብርሃኑ ውስጥ ይዘገያል፣ ይወርዳል። አንዳንዱ ፀጉሩ ላይ ያርፋል። ወለሉ ቀስ በቀስ ወለልነቱን እየተወ ሄደ፤ እኔ በሩ ላይ ባዶ ባልዲ ታቅፌ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። በማግስቱ ያልያዘውን ፍሌክ ፍቀን ጠረግን፣ ከዚያ ግልጹን ሽፋን አንድ ጊዜ፣ ሲደርቅ ደግሞ ሌላ ጊዜ ደረብንበት።

ሲያልቅ ጠጠሩ ከሥር ነው፣ ብርሃኑ ከላይ ነው፣ በመሃል ምንም የለም፣ ግን የሆነ ጥልቀት ያለው ነገር አለ። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ ወለሉ ይሄዳል። እኔ፣ በገዛ እጄ የበጠበጥኩት ሴትዮ፣ ልገባ ስል እግሬን አንስቼ ቆም አልኩ። ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ግን ወንድሜን አየሁት፤ ፊቱ ላይ እንደዚያ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም፣ እኔም አብሬው ተደሰትኩ።

አክስቴ እናቴን በክንዷ ይዛ አመጣቻት። በሩ ላይ ስትደርስ እናቴ ቆመች፣ ወደ ታች አየች፣ ፈገግ አለች። ከዚያ እናቴ በሁለት እጇ መቃኑን ጭምድድ አድርጋ ያዘች።

«ውሃው ሞልቷል» አለች።

መጀመሪያ ሳቅን። ወንድሜ ምስጋና መስሎት ዓይኑ እንባ አቀረረ። ግቢ ብንላት፣ እጇን ብንይዛት፣ ብንለማመጣት ግን ንቅንቅ አልል አለች። በመጨረሻ በወንበር ተሸክመን አልጋዋ ላይ አደረስናት፤ ስናሻግራት ቀሚሷ እንዳይርስ ሰብስባ ይዛ ነበር። ያኔ ማንም አልሳቀም።

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ መስኮቱ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ተነሳች። እግሯን ወደ ታች አወረደች፣ አየች፣ መልሳ ሰበሰበችው። ዛሬ አይሻገርም፣ ነገ ይጎድላል አለች። በሦስተኛው ቀንም ነገ ይጎድላል አለች። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀኖች ሁሉ፣ ማንንም ሳትከስ፣ አልጋዋ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣ ውሃው እስኪጎድል ጠበቀች። ብታለቅስ፣ ብትቆጣን ይሻለኝ ነበር፤ ያ ትዕግሥቷ ነው ሆዴን ያባባው።

ምንጣፍ አነጠፍንላት። የሰው ብርድ ልብስ ውሃ እየወሰደው ነው፣ ባለቤቱን ጥሩት አለችን። ወንድሜ ምንም አለመሆኑን ሊያሳያት ወዲያ ወዲህ ተራመደበት። እሷ በመዳፏ ዓይኗን ሸፍና ለእኚያ ሰውዬ ስትጸልይላቸው ሰማናት። በዘጠነኛው ቀን ነርሷ መጣችና ባቷን በጣቷ ጫን ጫን አደረገች። ሌላ ሳምንት እንዲህ ከቆየች መቆሟን እርሱት አለች። ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ ወለሉ እንዴት ያምራል፣ ማን ሠራላችሁ ብላ ጠየቀች። ወንድሜ ግድግዳውን አየ፣ እኔ መለስኩላት።

እንፍጨው አልኩት። አፍርሰን ወደ ሊሾው እንመልሰው፤ በሁለት ቀን ያልቃል። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው አለኝ፣ እሷ ራሷ የጠየቀችኝን ነው የሠራሁት። እውነቱን ነው፤ የጠየቀችውን አንድም ሳያጎድል ነው የሰጣት። እኔ ግን ስናደድ እንደ ኤፖክሲ ነኝ፣ አንዴ ከሞቅሁ መመለሻ የለኝም።

«የምትወደው ወለልህን ነው እናትህን?» አልኩት።

ከአፌ ሲወጣ ነው የደነገጥኩት። ሄዶ የክፍሉ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ከሰዓቱን በሙሉ እሱ እዚህ ዳር፣ እሷ እዚያ ዳር ተቀምጠው ብርሃኑ ወለሉ ላይ ሲሄድ አዩ። እኔ ኩሽና ሆኜ ራሴን ስረግም ዋልኩ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ተነስቶ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ሄደ፤ መፍጫውን ሊያወጣ መስሎኝ ነበር። ይዞ የተመለሰው ማስታወሻ ደብተሩን ነው።

የሰባቱ ክቦች ልክ፣ ከግድግዳው ያላቸው ርቀት፣ አንዱ ከሌላው ያለው ክፍተት፣ ሁሉም እዚያው ተጽፏል። እንዳይላጥ ብሎ ለክቶ፣ ለክቶ ያጠፋው የእናቴ መንገድ ነው። ደብተሩን አሳየኝና አንገቱን ደፋ። ይቅር በለኝ ልለው ፈልጌ ነበር፤ ሜትሩን ያዥልኝ ስላለኝ ሜትሩን ያዝኩ።

በማግስቱ መስኮቱንም በሩንም ከፍተን ሽታው የሚቀለውን ዓይነት ኤፖክሲ ውጭ በጠበጥኩ። ሲሚንቶ የመሰለ ግራጫ ቀለም ጨመርኩበት፣ እንዳያበራና እንዳያንሸራትት ደቃቅ አሸዋ አደረግሁበት። ወንድሜ በዚያ መስታወት ላይ ተንበርክኮ ሰባት ቦታ በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት እየፈተገ ግራጫውን በክብ በክብ አፈሰሰበት። ከሠራው ሁሉ የሚበልጠውን ነው የሚያበላሸው፤ እኔም አውቄ ባልዲውን አቀበልኩት። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና አንገቷን አስግጋ ታየዋለች።

«ምን እየሠሩ ነው?» አለችው።

«ድንጋይ እያስቀመጥኩ ነው።»

ጥቂት አሰበችና፣ ጠፍጣፋውን ወደ ላይ ያድርጉት፣ አለዚያ ይንከባለላል አለችው። እሺ አላት። ሦስተኛውን ትንሽ ወደዚህ ያምጡት፣ በጣም አራቁት፣ ሕፃን የያዘ ሰው አይደርስበትም አለችው። ደብተሩን አየ። በእሱ ልኬት ቦታው ትክክል ነበር፤ እሱ ግን ደብተሩን ትቶ እሷ ወዳለችው አስጠጋው። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ፣ ሁለት ጎረቤታሞች ለመንደሩ መሻገሪያ የሚሠሩ ይመስል፣ እያማከረችው ዋለች።

ሁለት ቀን እስኪደርቅ ጠበቅን። በሦስተኛው ጠዋት ፀሐይ መስኮቱ ላይ ስትደርስ እሱ ከአልጋው ራስጌ ባዶ እግሩን ቆሟል፤ እኔ በሩ ውጭ ነኝ። እናቴ እግሯን አወረደች። ወለሉ ከመጋረጃው ጋር ይሄዳል፣ ጠጠሩ ይብለጨለጫል፣ ሰባቱ ግራጫ ድንጋዮች ግን አይንቀሳቀሱም። በጣቷ ጫፍ የመጀመሪያውን ነካ አደረገች። ከዚያ ረገጠችው። ቀሚሷን በግራ እጇ ሰብሰብ አድርጋ ሁለተኛውን ረገጠች። አሥራ ሁለት ቀን ተቀምጣ መነሳቷ ነውና ሮጬ ልደግፋት ፈለግሁ፤ ወንድሜ ከዚያ ማዶ በዓይኑ ተይ አለኝ። ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ላይ ቆማ ውሃውን ወደ ላይና ወደ ታች ተመለከተች፣ ምናልባትም ሰማችው። ስድስት። በሰባተኛው መቃኑን በመዳፏ ነካች።

መንገዱን አሻግራ አየች። እኔ እያለቀስኩ ነው፣ እሷ ግን አላየችኝም። ከዚያ ለመመለስ ዞረች፤ አልተመለሰችም። ከማዶ የቆመውን፣ ሽበት የወረረውን፣ ትልቁን ሰውዬ አየችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው። እጇን ዘረጋች።

«እንቁራሪቴ» አለችው። «ምን ትጠብቃለህ? እኔ አለሁልህ፣ ና።»

የሃምሳ አራት ዓመቱ ወንድሜ፣ ዘጠና ኪሎው ወንድሜ፣ ወለሉን በገዛ እጁ ያፈሰሰው ወንድሜ፣ ጎንበስ ብሎ የሱሪውን ጫፍ ሁለት ዙር ጠቀለለ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ረገጠ። እያንዳንዱን ሲረግጥ ተረከዙ ውሃ እንዳይነካ ይጠነቀቃል፤ ዓይኑን ከእጇ ላይ አላነሳም። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ያዘችው። ጎበዝ፣ አየህ፣ ምንም አይደለም አለችው።

በማግስቱ ተመልሳ «እርስዎ» አለችው። ቁርሱን ሲያቀርብላት ልጆችዎን ያሳድግልዎ አለችው፣ እሱም አሜን አለ፤ ዕቃ ለማጠብ ግን አልወጣም፣ አጠገቧ ተቀመጠ። የጠዋት መንገዷን ዛሬም ትሄዳለች። ሥራችንን ሊያዩ የሚመጡ ደንበኞች ይህን የመሰለ ወለል ላይ ምን ሆናችሁ ይሄን ግራጫ ነገር ለጠፋችሁበት ይሉናል፤ ወንድሜ መሻገሪያ ነው ብሎ ያልፋቸዋል። እሱ ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ክፍል ከድንጋዮቹ ውጭ ረግጦ አያውቅም። እኔም ሳልወለድ ጥለውት የመጡትን ወንዝ በየቀኑ ቀሚሴን ሰብስቤ እሻገረዋለሁ።